ይሄን ማን ነው የበሳሳው?

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ነጭ ነገር አለ። ቡጢ ያህላል። የኮራል ስባሪ ነው፤ ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከባሕር ዳርቻ አንስቶ ያመጣልኝ። ወረቀት እንዳይበተንብኝ እጭንበታለሁ። አቧራውን እጠርግለታለሁ። አንዳንዴ ስልክ ሳወራ በእጄ አገላብጠዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር አስቤበት አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ዋለች። ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ ሥራዬ ላይ አቀርቅሬያለሁ፤ እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች ታያለች። ኮራሉ ጋ ስትደርስ ቆየች።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው» አልኳት፣ ቀና እንኳ ሳልል።

ትንሽ ዝም አለች። ላዩን በጥፍሯ ስትፍቀው ይሰማኛል።

«እሺ፣ ማን ነው የበሳሳው?»

«ውኃ ነዋ። ባሕሩ እየመታው እየመታው በሳሳው።»

«እሺ» አለችና አስቀመጠችው። ወደ ሌላ ነገር ሄደች።

ነገሩ እዚያው ማብቃት ነበረበት። ግን ማመኗ ከነከነኝ። የማላውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሰው ነው የነገርኳት። ልጅ ደግሞ የተነገራትን ይዛ ነው የምታድገው። ኮራል ሕይወት ካለው ነገር እንደሚመጣ እኔም በወሬ ደረጃ አውቅ ነበር። ሰምቶ ማወቅና አይቶ ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ማታ ልጅቷ ከሄደች በኋላ አጉሊ መነጽር ፈልጌ መብራቱ ሥር ተቀመጥኩ።

## ውኃ አይቆጥርም

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀዳዳዎቹ እኩል መሆናቸውን ነው። እያንዳንዱ የእርሳስ ጫፍ ያህላል። እያንዳንዱ ዙሪያውን የራሱ ቅጥር አለው፤ ከጎረቤቱ በስስ ግድግዳ ይለያል። ውኃ የቦረቦረው ድንጋይ እንዲህ አይሆንም። አንዱ ቦታ ጠልቆ፣ ሌላው ቦታ ላይ ላዩን ተልጦ ነው የሚገኘው።

ከዚያ የአንዱን ቀዳዳ ውስጥ አየሁ። ከቅጥሩ ወደ መሃል የሚመጡ ስስ ክንፎች አሉ፣ እንደ ጨረር። ቆጠርኳቸው። ስድስት ወፈር ያሉ። በየመሃላቸው አነስ ያሉ ስድስት። ከእነሱም መሃል በጣም የቀጠኑ አሉ፤ እነሱ ጋ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ሄድኩ። እዚያም ስድስት። ሌላው ጋ፣ ስድስት። በኋላ እንዳነበብኩት ሪፍ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ ያለውን የኮራል ግንብ፣ የሚሠሩት ድንጋያማ ኮራሎች በጠቅላላ አካላቸው የሚከፋፈለው በስድስትና በስድስት ብዜት ነው። ያን ማታ ግን ይሄን አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነበር፦ ውኃ አይቆጥርም።

ልቤን ቀጥ ያደረገው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ስባሪውን አዙሬ የተሰበረበትን ጎን አየሁ። እዚያ ጋ ቀዳዳዎቹ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚታዩት። ቀዳዳ አይደሉም። ቱቦ ናቸው። ከላይ እስከ ታች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር እየተሰበሰቡ፣ እየተቀራረቡ፣ መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ቦታ የሚገጥሙ ይመስላሉ። እያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ወረቀት የሚያካክሉ ወለሎች አሉ። አንዱ በሌላው ላይ፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ። ልክ እንደ ፎቅ።

አጉሊ መነጽሩን አስቀመጥኩ። ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የሚበሳ ነገር ከላይ ነው የሚጀምረው። ይሄ የተጀመረው ከታች ነው። ማንም አልበሳውም። የሆነ ፍጥረት ታች ቁጭ ብሎ፣ ዙሪያውን ቅጥር አቁሞ፣ ትንሽ ከፍ ሲል ከሥሩ ወለል እያነጠፈ ወጥቷል። የድሮውን ክፍል ዘግቶ አዲሱ ላይ ይቀመጣል። እንደገና ከፍ ይላል፣ እንደገና ወለል ያነጥፋል። ልጅቷ በጥፍሯ የነካችው ቀዳዳ የመጨረሻው ክፍል ነው። ባለቤቱ ሲሞት ጣሪያ ሳይኖረው የቀረው።

ከሁሉም በፊት የነበረው ድንጋዩ መስሎኝ ነበር፤ ድንጋይ ነበር፣ ኋላ ተቦረቦረ ብዬ ነው ያሰብኩት። ለካ ባዶው ቦታ የሰውነት ቅርጽ ነው። ድንጋዩ ነው ኋላ የመጣው።

## ባለቤቱ ማን ነበር?

ፖሊፕ ይባላል። አብዛኛው ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ለስላሳ የባሕር እንስሳት ከሆኑት ከጄሊፊሽና ከባሕር አኔሞን ጋር ዘመድ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ለስላሳ ከረጢት፣ ላዩ ላይ አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ጣት የመሰሉ ቀጫጭን እጆች። ምግብ በዚያ አፍ ይገባል፤ ቆሻሻም በዚያው ይወጣል። እጆቹ ላይ በዓይን የማይታዩ መናደፊያዎች አሉ። ብዙዎቹ ቀን ቀን ወደ ክፍላቸው ገብተው ተኮማትረው ይውላሉ። ሲመሽ ይዘረጋሉ። በአጠገባቸው የሚንሳፈፍ ጥቃቅን እንስሳ እጃቸውን ከነካ ተነድፎ ወደ አፍ ይገባል።

አንዱ ፖሊፕ ለሁለት ይከፈላል፣ ወይም ከጎኑ ሌላ ያቆጠቁጣል። ሁለቱ አራት ይሆናሉ። እንዲህ እያሉ ሺዎች ይሆናሉ፤ ሁሉም የአንዱ ቅጂ። ተለያይተውም አይኖሩም። በስስ ሥጋ ተያይዘዋል፤ አንዱ የበላው ለጎረቤቱ ይደርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ጋ ቃል በቃል ይሠራል። አንድ ፖሊፕ ብቻውን ኢምንት ነው። ተያይዘው ግን መኪና የሚያህል ጉብታ ይሆናሉ። ደግሞ ያ ጉብታ ሲሰበር ሕይወት የሚገኘው ላዩ ላይ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የተለቀቀ ክፍል ነው።

በዚህ ጉዳይ የሰው ልጅ ለረጅም ጊዜ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1706 ሉዊጂ ማርሲሊ የተባለ ጣሊያናዊ ትኩስ የተነቀለ ቀይ ኮራል የባሕር ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ነጫጭ ነገሮች ሲፈኩ አየ። አበባ ናቸው አለ፤ ስለዚህ ኮራል ተክል ነው ተባለ። በ1720ዎቹ ዣን አንድሬ ፔይሶኔል የተባለ የማርሴይ ሐኪም ያንኑ ነገር ደጋግሞ አየ። ሲነካቸው ይኮማተራሉ። ከውኃ ሲወጡ ይዘጋሉ። አበባ አይደሉም፣ እንስሳ ናቸው አለ። ሐሳቡ ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ ሬኦሚዩር በተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት በኩል ሲቀርብ የፔይሶኔል ስም ሳይጠራ ታለፈ፤ ሬኦሚዩር ራሱ አላመነበትም ነበር። አምኖ እስኪቀበል 15 ዓመት ገደማ ፈጀ።

ይሄን ታሪክ ሳነብ የቆየሁት ፔይሶኔል ላይ ነው። የተለየ መሣሪያ አልነበረውም። ሌሎቹ ካዩት በላይ ጠጋ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ ነው ያየው።

## ከሥጋው ውስጥ ያለው አትክልት

አንድ ነገር አልገባኝ አለ። ኮራል የሚበዛበት ሞቃት ባሕር ውኃው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ጥርት ያለው ምግብ ስለሌለው ነው። ታዲያ በዚህ ባዶ ውኃ ውስጥ፣ ማታ ማታ በሚያዝ አንድ ሁለት ነፍሳት፣ ይሄ ሁሉ ድንጋይ እንዴት ይገነባል?

መልሱ የፖሊፑ ሥጋ ውስጥ ነው። ሴሎቹ ውስጥ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሴል ብቻ የሆኑ። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሊገኙ ይችላሉ። እንደ ማንኛውም ተክል በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራሉ። የሠሩትንም አብዛኛውን ለፖሊፑ ይሰጣሉ። ኮራሉ ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው ከእነሱ ሊመጣ ይችላል። ፖሊፑ በፈንታው መጠለያ ይሰጣል፤ የሚተነፍሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሚጥለውን ናይትሮጅን ይሰጣል። የአንዱ ቆሻሻ የሌላው ቀለብ ነው።  በረሃ መሃል ጓሮ ተክሎ እንደመኖር ያለ ነገር ነው።

ቡናማና ወርቅማ ቀለሙም ከእነሱ ነው። ሪፍ የሚሠሩ ኮራሎች ጥልቀት የማይወዱትም በእነሱ ምክንያት ነው። ብርሃን ከሌለ ስኳር የለም።

ድንጋዩም የሚሠራው በዚያ ስኳር ጉልበት ነው። ከፖሊፑ ቆዳ ሥር፣ በቆዳውና በአጥንቱ መካከል፣ እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ፖሊፑ ከባሕር ካልሲየም ወደዚያ ያስገባል፤ ከዚያ ደግሞ አሲድነት የሚፈጥረውን እየገፋ ያስወጣል። ያኔ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተጋግረው የኖራ ድንጋይ ይሆናሉ። መግፋቱ ጉልበት ይበላል። ለዚህም ነው ግንባታው ፀሐይ ባለበት ሰዓት የሚፈጥነው።

ቅርንጫፍ የሚያወጡት ኮራሎች በዓመት 10 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊረዝሙ ይችላሉ። እንደኔው ያለ ድቡልቡል ግን ቀርፋፋ ነው፤ ከግማሽ እስከ 2 ሴንቲሜትር ነው በዓመት። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት። ከታች እስከ ላይ 7 ሴንቲሜትር። በዓመት 1 ሴንቲሜትር ብናደርግለት ሰባት ዓመት። ልክ የልጅቷ ዕድሜ። ኮራል በኤክስሬይ ሲታይ እንደ ዛፍ ቀለበት የየዓመቱ መስመር አለው፤ ያ ቢኖረኝ በትክክል እቆጥረው ነበር።

## ከቡጢ እስከ ደሴት

እስከዚህ ያለው አንድ ኮራል ነው። ሪፍ ሌላ ነገር ነው። ሪፍ ማለት ኮራል ብዙ ሆኖ መቆሙ መስሎኝ ነበር። ግን ማዕበል ሁልጊዜ ይሰብራል። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ በጠንካራ መንቁር ጥርሱ ድንጋዩን ይግጣል፣ ፈጭቶም አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል፤ አንድ ትልቅ ዓሣ በዓመት በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር አሸዋ ያወጣል። ስፖንጅና ትላትል ደግሞ ከውስጥ ይቦረቡራሉ። ይሄኔ ልጅቷ ትዝ አለችኝ። የሚበሱም አሉ ለካ፤ ጥያቄዋ ጨርሶ ከመንገድ የወጣ አልነበረም።

ስብርባሪውና አሸዋው ግን ጠፍቶ አይቀርም። በቆሙት ኮራሎች መሃል እየገባ ክፍተቱን ይሞላል። ከዚያ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ራሱም ኖራ የሚሠራ አልጌ ላዩ ላይ ተለስኖ ያያይዘዋል። ማዕበሉ በሚበረታበት ጠርዝ ላይ ሪፉን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ሪፍ እንግዲህ እየፈረሰ የሚገነባ ነገር ነው። ግንባታው ከማፍረሱ ትንሽ እስከበለጠ ድረስ ያድጋል። ያቺ ትንሽ ብልጫ በሺህ ዓመታት ስትባዛ ታላቁ ባሪየር ሪፍን ትሰጣለች፤ በአውስትራሊያ ዳርቻ 2,300 ኪሎ ሜትር።

ቻርልስ ዳርዊን በዚህ ላይ ያሰበው በጣም ደስ ይለኛል። በውቅያኖስ መሃል ቀለበት የሚመስሉ የኮራል ደሴቶች አሉ፤ መሃላቸው ውኃ ብቻ። እንዴት ተፈጠሩ? ዳርዊን እንዲህ አለ፦ መሃሉ ላይ እሳተ ገሞራ የወለደው ተራራ ነበር። ኮራል በዳርቻው ዙሪያ በቀለ። ተራራው ቀስ እያለ ሰጠመ። ኮራሉ ግን ብርሃን ስለሚፈልግ በሰጠመው ልክ ወደ ላይ ገነባ። ተራራው ጠፍቶ ቀለበቱ ቀረ። ይሄን ሐሳብ የጠነሰሰው በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ሳለ ነው፤ እውነተኛ የኮራል ሪፍ በዓይኑ ከማየቱ በፊት። እ.ኤ.አ. በ1842 አሳተመው። ከ110 ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ እንዲህ ያለ ቀለበት በሆነው በማርሻል ደሴቶች ኤኒዌቶክ ላይ መሬቱ ተቆፈረ። ከ1,200 ሜትር በላይ የኖራ ድንጋይ ካለፉ በኋላ መቆፈሪያው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነካ።

1,200 ሜትር ማለት ተራራ ነው። የእኔ 7 ሴንቲሜትር ላይ ያየሁት ነገር ነው እዚያም የተደረገው። መሬቱ ከሥር ይወርዳል፤ ፖሊፑ ወለል አንጥፎ ከፍ ይላል።

## ነጭነቱ

ይሄን ክፍል መጻፍ ከብዶኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፎቶ አይቼ ነበር። ከውኃ በታች የተነሳ፣ ጥርት ባለ ሰማያዊ ውስጥ እንደ በረዶ የነጣ የኮራል ደን። ከማማሩ የተነሳ ኮምፒውተሬ ላይ አድርጌው ለወራት ቆየ። ጠዋት ጠዋት እሱን እያየሁ ነው ሥራ የምጀምረው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውም ነጭ ስለሆነ፣ ኮራል ነጭ ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ነጩ አጥንቱ ነው። ፖሊፑ ሥጋው ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀለም የሚሰጡት በዋናነት አልጌዎቹ ናቸው። ውኃው ከበጋው የተለመደ ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ በአልጌዎቹና በፖሊፑ መካከል ያለው ነገር ይበላሻል። ብርሃኑና ሙቀቱ ሲደራረብ አልጌዎቹ ከስኳር ጋር ሴሉን የሚጎዳ የኦክስጅን ዓይነት ያመነጫሉ። ፖሊፑ ያወጣቸዋል። የሚያበላውን ከቤቱ ያስወጣል፤ መርዝ ሆኖበታልና ምርጫ የለውም። ከዚያ በግልጹ ሥጋው ውስጥ አጥንቱ ይታያል። ያን ጊዜ አልሞተም። ተርቧል። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ተመልሰው ሊበዙ፣ እሱም ሊያገግም ይችላል። ካልቀዘቀዘ ይሞታል። ቢተርፍ እንኳ ተዳክሞ ነው፤ በሽታው ይይዘዋል፣ የባሕር አረሙ ይውጠዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ስለዚህ በየጠዋቱ ሳየው የነበረው ረሃብ ነው። ይሄ ሐሳብ አልለቀቀኝም። ፎቶውን የዚያኑ ቀን አጠፋሁት። ማጥፋቴ ለማን ይጠቅማል? ለማንም። ግን እያወቅሁ ላየው አልቻልኩም።

በዓለም ደረጃ የተስፋፋ መንጣት እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017 ተመዝግቧል። አራተኛው በ2023 ጀመረ፤ እስካሁን ከታዩት ሁሉ ሰፊው ሲሆን፣ ከዓለም የኮራል ሪፍ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት አግኝቶታል። ልዩነቱን ልብ በሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል 12 ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው እረፍት ግን ከዚያ ያጠረ ነው። በዓመት 1 ሴንቲሜትር የሚያድግ ነገር በምን ፍጥነት ያገግማል? ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል ከ1 በመቶ በታች ነው የሚይዙት። ከባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ግን በሕይወት ዘመናቸው የሆነ ጊዜ ላይ እዚያ ይጠለላሉ።

## ልጆች ነበሩት?

የእህቴ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ጫማዋን እስክታወልቅ አልጠበቅሁም።

«ያን ቀን የነገርኩሽ ስህተት ነው። ውኃ አይደለም የበሳሳው።»

መጀመሪያ ምን እያወራሁ እንደሆነ አልገባትም። ኮራሉንና አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋት። ጠጋ ብላ አየች። ጨረሮቹን ቆጥሪ አልኳት። ጮክ ብላ ቆጠረች፤ «ስድስት!» አለች፣ ሌላው ጋ ሄደች፣ «ይሄም ስድስት!» አለች። ስለ ፖሊፑ ነገርኳት። ስለ እጆቹ፣ ስለ ክፍሉ፣ ከሥሩ ስለሚያነጥፈው ወለል።

«ታዲያ አሁን የት ሄደ?»

«ሞቷል። ለስላሳ ስለሆነ እሱ አይቀርም። ቤቱ ነው የቀረው።»

አሰበች። «ልጆች ነበሩት?»

ስለዚህ አንብቤ ነበር፤ በመጠየቋ ደስ አለኝ። በታላቁ ባሪየር ሪፍ በዓመት አንዴ፣ በጸደይ መጨረሻ፣ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ማታ፣ ብዙ ዓይነት ኮራሎች በተቀራረቡ ሌሊቶች እንቁላልና የዘር ፍሬያቸውን ይለቃሉ። ሰሊጥ የሚያህሉ ሮዝ እንክብሎች ከየክፍሉ አፍ ወጥተው ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ወደ ላይ እንደሚዘንብ በረዶ። ይሄ ሁሉ በየዓመቱ ሲሆን ኖሮ ተመራማሪዎች በትክክል የመዘገቡት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። አብዛኛው ይበላል። የተረፈው እጭ ለቀናት ይዋኛል። ዓይን የለውም፣ ግን ያን ሪፉን የሚያያይዘውን ሮዝ አልጌ በኬሚካሉ ይለየዋል። ጥሩ ቦታ ሲያገኝ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አይልም። የመጀመሪያውን ወለል ያነጥፋል።

በልጅ ቋንቋ ነው የነገርኳት፣ ግን ምንም አልቀነስኩባትም።

ኮራሉን ገለበጠችው። በተሰበረው ጎን ቱቦዎቹን በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች ወረደች፣ ሁሉም እየተሰበሰቡ ወደሚገጥሙበት። ጣቷ እዚያ ጋ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው የተጣበቀው?»

ጠጋ ብዬ አየሁ።

«አዎ» አልኳት። «እዚያ ጋ ነው።»